በዓመት ስድስት ሳምንት ብቻ ወፍ የሚያርፍበት ረግረግ፣ ቆፍረን ሐይቅ እናድርገው ለሚሉኝ ምን ልበላቸው?

ጭቃ ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል ግን ታገሱኝ። እኛ ያለንበት አንድ ረግረግ አለ። ትልቅ የሚባል አይደለም፣ ውሃው አብዛኛው ቦታ ላይ ከጉልበት አያልፍም፣ በደረቁ ወቅት ደሞ ግማሹ ይደርቅና ጭቃው ይሰነጣጠቃል። በዓመት ሁለቴ ስደተኛ ወፎች ያርፉበታል፣ ሲሄዱ ሶስት ሳምንት ሲመለሱ ሶስት ሳምንት ቢሆን ነው። ዳክዬዎች አሉ፣ እግራቸው ቀጫጭን የሆነ ጭቃውን በመንቁራቸው ወጋ ወጋ እያደረጉ የሚሮጡ ትናንሽ ወፎች አሉ፣ ስማቸውን እንኳ በደንብ አላውቀውም። ከዛ ውጪ ባለው ጊዜ ለሚያየው ሰው ባዶ ቦታ ነው።

አሁን ቦታውን እናልማው ተብሎ ኮሚቴ ተቋቁሟል፣ እኔም አለሁበት። የቀረበው ሀሳብ በኤክስካቫተር ጠለቅ አድርጎ መቆፈርና ዓመቱን ሙሉ ውሃ እንዲይዝ ማድረግ፣ ዙሪያውን ዛፍ መትከል፣ ከዛ ውሃው ዳር ዳሩን ሙሉ ዙር የእግር መንገድ መስራት ነው። ሰዎቹ ክፉ አስበው አይደለም፣ እንደውም "ለወፎቹም የተሻለ ይሆናል" ነው የሚሉት። እኔ ግን ሆዴ እሺ አላለኝም። ለምን እንደሆነ ማስረዳት ሲያቅተኝ አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ "ልጄ፣ ለስድስት ሳምንት እንግዳ ብለን ቤቱን ዓመት ሙሉ ክፍት እንተወው?" አሉኝ። ዝም አልኩ፣ የምለው ስላልነበረኝ።

እና የምታውቁ ንገሩኝ፣ ለስድስት ሳምንት ይሄን ያህል መጨነቅ ልክ ነው ወይ? ይሄኛው ቢቀየር ሌላ ቦታ ሄደው አያርፉም? ክንፍ አላቸው አይደል። ደሞ ቁፋሮውና ዛፉ በእርግጥ ይጎዳቸዋል ወይስ እኔ ነኝ ያለ ነገር የማስበው?


ቆጣሪ፦

ወንድሜ ሆድህ ትክክል ነው። የውሃ ወፍ ስቆጥር ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ ይሄን "ሌላ ቦታ ይሄዳሉ" የሚለውን ነገር ያልሰማሁበት ስብሰባ የለም ማለት እችላለሁ፣ ስለዚ ከሱ ልጀምር።

ባር-ቴይልድ ጎድዊት የሚባል ወፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳተላይት ትራከር የታሰረለት ገና የወራት እድሜ ያለው አንድ ጫጩት ከአላስካ ተነስቶ ታዝማኒያ እስኪደርስ 13,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ለ11 ቀን አንዴም ሳያርፍ በሯል። ሳይበላ፣ ሳይጠጣ። ሰው ይሄን ሲሰማ "እንዲህ ከቻለ የኛ ኩሬ ምን ያደርግለታል" ይላል፣ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ይሄን በረራ የሚችለው ከመነሳቱ በፊት ለሳምንታት ጭቃ ላይ በልቶ በልቶ ስብ ስላጠራቀመ ነው፣ አንጀቱና ጉበቱ እንኳ ለበረራው ክብደት እንዳይሆኑበት ይቀንሳሉ፣ ሲደርስ እንደገና ያድጋሉ። ያቺ የመብያ ቦታ ከሌለች በረራው የለም። በመልሱ ጉዞ ደሞ እነዚሁ ወፎች ወደ ሰሜን ሲመለሱ ቻይናና ኮሪያ መሀል ያለው ቢጫ ባህር ዳርቻ ላይ ወርደው ሳምንታት ይቆያሉ፣ ምክንያቱም ከዛ ቀጥሎ ያለው መንገድ እንቁላል መጣያው ጋ የሚያደርሳቸው ነው፣ እዛ ደርሰው ደሞ ወዲያው መጣል አለባቸው፣ የሰሜኑ በጋ አጭር ነው።

አሁን "ሌላ ቦታ ይሄዳሉ" ወደሚለው ልምጣ። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ሴማንጉም የሚባል ሰፊ ጭቃማ የባህር ዳርቻ ነበር፣ ባህሩ ሲሸሽ የሚገለጥ ጭቃ። ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ግድብ ተሰርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ተዘጋ። ያኔም ወፎቹ አጠገቡ ወዳሉት ዳርቻዎች ይዛወራሉ ተብሎ ነበር። ግሬት ኖት የሚባሉት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወፎች ግን አጎራባቹ ቦታም አልተገኙም፣ ክረምታቸውን የሚያሳልፉበት አውስትራሊያ ላይም ቁጥራቸው ቀነሰ። የሄዱበት ሌላ ቦታ አልነበረም፣ ሞተው ነው። አጎራባቹ ቦታ እኮ ባዶ ሆኖ አይጠብቃቸውም፣ እዛም የሚበላ ወፍ አለ፣ ጭቃው የሚችለው ልክ አለው።

ሽማግሌውን በተመለከተ ቆይታው ስድስት ሳምንት ስለሆነ ጥቅሙም ትንሽ ነው ማለት አይቻልም። ሬድ ኖት የሚባለው ወፍ ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ተነስቶ ወደ ካናዳ አርክቲክ ሲሄድ አሜሪካ ምስራቅ ዳርቻ ዴላዌር ቤይ ላይ የሚቆየው ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው። በሁለት ሳምንት ክብደቱን ወደ እጥፍ ያስጠጋል፣ የሚበላው ሆርስሹ ክራብ የሚባል የባህር እንስሳ አሸዋ ላይ የሚጥለውን እንቁላል ነው። በ1990ዎቹ ሰዎች ያን እንስሳ ለአሳ ማጥመጃ ምግብ ብለው በገፍ ሰበሰቡት፣ እንቁላሉ አነሰ፣ ወፎቹ ሳይሞሉ መነሳት ጀመሩ፣ ሳይሞሉ የተነሱት ደሞ በቀጣዩ ዓመት የመታየት እድላቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በ1980ዎቹ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ ላይ ከ60 ሺ በላይ ይቆጠሩ የነበሩት በ2011 ወደ 10 ሺ አካባቢ ወርደው ነበር። አስበው፣ ዓመቱን ሙሉ ሌላው ቦታ ሁሉ ደህና ቢሆን እንኳ የሁለት ሳምንቱ ማረፊያ መበላሸት ይበቃል። ኒው ጀርሲ ግዛት በ2008 ያን እንስሳ መሰብሰብ ከለከለ፣ ወፉም በ2014 መጨረሻ በአገሪቱ ህግ አደጋ ላይ ካሉት ተመዘገበ።

ለሽማግሌው በሳቸው ቋንቋ ልንገራቸው ካልክ ድልድይ ላይ በቀን ስንት ደቂቃ ነው የምንቆመው? ድልድዩ ከተሰበረ ግን ማዶ የለም።


ውሃ ልክ፦

ቆጣሪ ስለወፎቹ ጥሩ ብሏል፣ እኔ ስለቁፋሮው ልናገር ምክንያቱም ረግረግ መልሶ በማልማት ስራ ላይ ነኝ እና ይሄንኑ ስህተት በዓይኔ አይቻለሁ፣ እኔም የተሳተፍኩበት አንድ ቦታ ላይ ቆፍረን ቆፍረን ጥሩ ሰማያዊ ውሃ አገኘን፣ ፎቶው ያምራል፣ ጭቃ ወጊዎቹ ግን በዛው ቀሩ። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ነገሩ የጥልቀት ጉዳይ ነው። ትናንሾቹ ወፎች እግራቸው አጭር ነው፣ አራት አምስት ሴንቲሜትር ውሃ ካለፈ መቆም አይችሉም፣ ረዣዥሞቹ እስከ አስራ አምስት ሀያ ሴንቲሜትር ይገባሉ፣ ውሃ ላይ እየተንሳፈፉ ጭራቸውን ወደላይ አድርገው የሚበሉት ዳክዬዎች ደሞ አንገታቸው እስከሚደርስበት ድረስ ነው። መንቁራቸውም እንደዛው ነው፣ አጭሩ ከላይ ይለቅማል፣ ረጅሙ ጠልቆ ይወጋል፣ ለዛ ነው አንድ ጭቃ ላይ አምስት አይነት ወፍ ሳይጣላ የሚበላው። እናንተ ሁለት ሜትር ቆፍራችሁ ዳሩን ገደል ካደረጋችሁት ለነዚህ ሁሉ የሚተርፈው ዙሪያውን እንደ ቀበቶ ያለች አንድ እርምጃ ስፋት ናት። መሀሉ ለነሱ ውሃ ሳይሆን ባዶ ነው።

መድረቁን ደሞ እንደ በሽታ አትዩት በእግዚአብሔር። ሲደርቅ ነው ጭቃው አየር የሚያገኘው፣ የበሰበሰው ተክል ፈርሶ ማዳበሪያ ይሆናል፣ ሳሩ ይበቅላል ዘር ይጥላል፣ ከዛ ውሃው ሲመለስ ያ ሁሉ ዘርና ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ የቆየ የጥቃቅን እንስሳት እንቁላል በአንዴ ይፈነዳል፣ በሳምንታት ውስጥ ትሉ ምኑ ይሞላል። ወፎቹ የሚመጡት ለዛ ድግስ ነው። ዓመቱን ሙሉ እኩል ከፍታ ላይ የተያዘ ውሃ እያደር ይደኸያል፣ አሳ ይገባበትና ትሉን አሳው ይጨርሰዋል። ገንዘቡ ካለ ኤክስካቫተሩን ተዉትና ቀላል የውሃ መዝጊያ በር ስሩበት፣ ሳንቃ እየጨመራችሁ እየቀነሳችሁ ውሃውን ወፎቹ ከመምጣታቸው በፊት በዝግታ የምታወርዱበት። በዝግታ የሚወርድ ውሃ በየቀኑ አዲስ እርጥብ ጭቃ ይገልጣል፣ ያ ማለት በየቀኑ አዲስ ማዕድ ነው።

ዛፉ ላይ ሰዎች በጣም ይከፋሉ፣ ዛፍ አትትከሉ ሲባል እንደ ጠላት ነው የሚያዩህ። ግን ጭቃ ላይ የሚበላ ወፍ የሚኖረው አሻግሮ በማየት ነው፣ ጭልፊት ከሩቅ ሲመጣ ካየ ይተርፋል። ዙሪያውን ዛፍ ካቆማችሁ ለጭልፊቱ መደበቂያ ሰጣችሁት፣ ወፎቹም ከዛፉ ራቅ ብለው ነው የሚያርፉት፣ ትንሽ ረግረግ ከሆነ "ራቅ" የሚባል ቦታ የለውም። ባህር ዳርቻ ላይም ይሄ ስህተት በተለያየ አገር ተሰርቷል፣ ማንግሮቭ እንትከል ተብሎ ዛፍ በቅሎበት የማያውቅ ክፍት ጭቃ ላይ ተክለው አብዛኛው ችግኝ ሞተ፣ የበቀለበት ደሞ የወፎቹን መብያ ዘጋ። ዛፍ መትከል ከፈለጋችሁ ውሃው ከሚመጣበት ከላይኛው ተዳፋት ላይ ትከሉ፣ አፈር ያስቀርላችኋል፣ ረግረጉ በደለል እንዳይሞላ ይረዳል። እዛ ላይ ዛፍ ወርቅ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልጨምር፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ሙቀት በበዛበት ወቅት ውሃው ቆሞ ከቀረ ቦቱሊዝም የሚባል ነገር ይመጣል፣ ባክቴሪያው ጭቃ ውስጥ አለ፣ ኦክስጅን ሲያልቅ መርዝ ያመነጫል፣ አንዱ ወፍ ይሞታል፣ ሬሳው ላይ ትል ይፈላል፣ ትሉ መርዙን ይይዛል፣ ትሉን የበላው ወፍ ሽባ ሆኖ ይሞታል፣ ከዛ እሱም በተራው ሬሳ ይሆናል። ካሊፎርኒያና ኦሪገን ድንበር ላይ ክላማት የሚባለው አካባቢ በ2020 ውሃ ሲያጥረው በዚህ ምክንያት ወደ 60 ሺ የሚጠጋ ወፍ ሞቷል። ስለዚ ዋናው ነገር ውሃው የሚገባና የሚወጣ መሆኑ ነው፣ ሬሳ ከታየ ደሞ በጓንት ቶሎ መልቀም፣ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ፣ ምክንያቱም የወፍ ኢንፍሉዌንዛም ሊሆን ይችላል።


የላሞቹ ልጅ፦

ሁላችሁም ስለወፍ ነው የምታወሩት። ይቅርታ አድርጉልኝ እና እዛ ረግረግ ላይ ሳር የሚያጭድ፣ ከብት የሚያሰማራ፣ ውሃ የሚቀዳ ሰው የለም ወይ? ጠያቂው "ለሚያየው ሰው ባዶ ነው" ብሏል፣ እኔ ግን ባዶ የሚባል ረግረግ አላየሁም፣ ሁሌ የሚጠቀምበት ሰው አለ፣ ኮሚቴ ላይ የማይጠራ ሰው ነው እንጂ። ያደግኩት ረግረግ ዳር ነው። የኛን "ጥብቅ ቦታ" ብለው አጠሩት፣ ማን እንዳጠረው ይቅር፣ ሳር ማጨድ ተከለከለ፣ ከብት መግባት ተከለከለ፣ በሶስት ዓመት ውስጥ ቄጠማው ከሰው በላይ አድጎ ውሃውን ሸፈነው፣ ወፎቹም ቀሩ። ሰዉም ተቀየመ፣ ያ ሁሉ ዓመት የወፍ ጎጆ ሲፈርስ የሚቆጣ ሰው ከዛ በኋላ "የነሱ ወፍ" ማለት ጀመረ። "የኛ" የነበረው "የነሱ" ሆነ፣ ለኔ ትልቁ ጥፋት ያ ነው።

የማውቀውን ልናገር፣ በልክ የተሰማራ ከብት ሳሩን አጭር ያደርገዋል፣ አጭር ሳር ላይ ነው ዝይም ሌላውም የሚበላው። ቄጠማ በተራ ቢታጨድ፣ ዘንድሮ ይሄ ጥግ ከርሞ ያኛው ጥግ፣ ለሁሉም ይበቃል። ከልክ ያለፈ ግጦሽ ያጠፋል እሱን አልክድም፣ በተለይ መሬት ላይ ጎጆ በሚሰሩበት ጊዜ። ግን ሰውን አስወጥቶ ወፍን ማስገባት የሚባል ነገር አይሰራም፣ ቆጣሪ ያወራኸው ሁሉ እውነት ነው ግን ለዛ ሳር ለሚያጭደው ሰው አንድ መልስ የለውም።


ቆጣሪ፦

የላሞቹ ልጅ ተቀብያለሁ፣ ልክ ነህ፣ ቀድሜ መናገር የነበረብኝ እሱን ነበር።

እንደውም ዓለም አቀፉ ስምምነት ራሱ የሚለው አንተ ያልከውን ነው። የራምሳር ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 1971 መጀመሪያ ላይ ኢራን ውስጥ ካስፒያን ባህር ዳር ራምሳር የምትባል ከተማ የተፈረመው፣ ዋና ቃሉ "በጥበብ መጠቀም" ነው፣ አጥሮ መተው አይደለም። አሁን በዓለም ላይ ከ2,400 በላይ ቦታዎች ተመዝግበውበታል፣ ብዙዎቹ ላይ ሰው አሳ ያጠምዳል፣ ሩዝ ያመርታል፣ ጨው ያወጣል። ሞሪታንያ ውስጥ ባንክ ዳርጋን የሚባል ፓርክ አለ፣ ከሰሜን የሚመጡ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ጭቃ ወጊዎች የሚከርሙበት። እዛው ፓርኩ ውስጥ ኢምራገን የሚባሉ አሳ አጥማጆች ይኖራሉ፣ በሸራ ጀልባ ያጠምዳሉ፣ ሞተር ጀልባ አይፈቀድም። ወፉም አሳውም ሰዉም አለ። ይሄ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም፣ ግን ይቻላል።

ሌላው የምወደው ደሞ ካሊፎርኒያ ነው። ግዛቱ መሀል ያለው ትልቅ ሸለቆ ረግረጉ ከ90 በመቶ በላይ ጠፍቶ እርሻ ሆኗል፣ መሬቱን መልሶ መግዛት አይታሰብም። ስለዚ ከ2014 ጀምሮ ዘ ኔቸር ኮንሰርቫንሲ የሚባል የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት የሩዝ ገበሬዎችን "ማሳህን ወፎቹ በሚያልፉባቸው ሳምንታት ብቻ በስሱ ውሃ አልብሰህ ለማቆየት ስንት ትጠይቃለህ" ብሎ በጨረታ ይከፍላቸዋል፣ የትኞቹ ሳምንታትና የት እንደሆነ የሚያውቁት ደሞ ተራ ወፍ ተመልካቾች ኢበርድ የሚባል የኢንተርኔት መዝገብ ላይ ካስገቡት መረጃ ነው። አየህ፣ ስድስት ሳምንት መሆኑ ችግር ሳይሆን መፍትሄው የሚጀምርበት ሆነ፣ ገበሬው ዓመቱን ሙሉ መሬቱን አልተነጠቀም፣ እንግዳው በሚመጣበት ጊዜ ብቻ ቤቱ ይከፈትለታል። ጭቃ ዳር ይቺን ለሽማግሌው ንገራቸው።


ጭቃ ዳር፦

እናንተ ሰዎች እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁሉንም ሁለቴ ነው ያነበብኩት። የላሞቹ ልጅ ያልከው ነገር ትንሽ አሳፈረኝ ምክንያቱም እውነትህን ነው ሳር የሚያጭዱ ሰዎች አሉ ኮሚቴው ላይ ግን አንዳቸውም የሉም፣ ነገ ሄጄ አናግራቸዋለሁ።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንደኛ፣ ኮሚቴው ላይ አንዱ "እኛ ብንጠብቅ እነሱ በሚሄዱበት አገር ከታደኑ ወይ ረግረጉ ከደረቀ የኛ ልፋት ምን ዋጋ አለው" ይላል። ሁለተኛ፣ ወፎቹ ብዙ መሆናቸውን እንዴት ነው የማሳየው? አንድ ቀን ሄጄ ቆጠርኩ፣ ወደ ሶስት መቶ ነው ያገኘሁት፣ ሰዉ "ሶስት መቶ ወፍ ለዚህ ሁሉ?" ነው ያለኝ።


ቆጣሪ፦

የመጀመሪያው ሰው የሚለው ነገር አሳማኝ ይመስላል ግን በየአገሩ ያለው ሰው እንደዛው ካሰበ ሁሉም ቦታ ይጠፋል፣ የሆነውም እሱ ነው። ስሌንደር-ቢልድ ከርሊው የሚባል ወፍ ነበር፣ ከመካከለኛው እስያ ተነስቶ በአውሮፓ በኩል አድርጎ ሰሜን አፍሪካ ይከርም ነበር። በመንገዱ ሙሉ ታደነ፣ ረግረጉም በየቦታው ተራ በተራ ደረቀ፣ በማንም አንድ አገር አልጠፋም፣ በሁሉም ነው የጠፋው። በእርግጠኝነት የታየው ለመጨረሻ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1995 ሞሮኮ ውስጥ ነበር፣ በ2025 ደሞ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ህብረት ጠፍቷል ብሎ መዘገበው። ይሄን ስጽፍ እንኳ ይከብደኛል፣ እንደኔ ወፍ የሚቆጥር ሰው ቴሌስኮፕ ይዞ ለሰላሳ ዓመት ሲፈልገው ነበር።

ለዛ ነው አገሮች በጋራ የፈረሙት። የአፍሪካና የዩሬዥያ ስደተኛ የውሃ ወፎች ስምምነት አለ፣ በአጭሩ አኤዋ ይሉታል፣ በ1995 ተስማምተውበት ከ1999 ጀምሮ ይሰራል፣ ከአርክቲክ እስከ አፍሪካ ደቡብ ጫፍ ባለው መስመር ላይ ያሉ ከ250 የሚበልጡ የወፍ ዝርያዎችን ይሸፍናል። ወረቀት ብቻውን ወፍ አያድንም፣ ግን "ሌላው አገርስ" ለሚል ሰው ሌላውም አገር ፈርሟል ማለት ትችላለህ። መልካም ዜናም አለ እኮ፣ ሁሉም ሀዘን አይደለም። ቻይና ቢጫ ባህር ዳርቻዋን ለንግድ ብሎ በአፈር መሙላት በ2018 አቆማለሁ አለች፣ በ2019 ከፊሉ የወፎቹ ማረፊያ በዩኔስኮ ተመዘገበ፣ ደቡብ ኮሪያም በ2021 ካሏት ጭቃማ ዳርቻዎች የተወሰኑትን አስመዘገበች። የሴማንጉሙ ግድብ ከተዘጋ አስራ አምስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ ወንድሜ ሶስት መቶ ትንሽ አይደለም! እዚህ ጋ ሰው ሁሌ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ማረፊያ ቦታ ላይ ወፉ ይመጣል፣ ሞልቶ ይሄዳል፣ ሌላው ይተካል። ዛሬ ያየሃቸው ሶስት መቶ የሚቀጥለው ሳምንት ከምታያቸው ሶስት መቶ ጋር አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። አውቶብስ መናኸሪያ ላይ እኩለ ቀን ላይ ቆመህ ሰው ብትቆጥር በዓመት ስንት ሰው እንደሚያልፍ አታውቅም፣ እንደዛ ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ በዓለም ዙሪያ የሚደረገው የውሃ ወፎች ቆጠራም፣ ከ1967 ጀምሮ ያለው፣ ለሚከርሙት ነው እንጂ ለሚያልፉት ብዙም አይሆንም። አንተ ማድረግ ያለብህ በሚያልፉበት ወቅት ቢያንስ በሳምንት አንዴ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከተመሳሳይ ቦታ ቆመህ፣ ዝርያ በዝርያ መቁጠር ነው። ወፍ ያላየህበትን ቀንም ጻፈው፣ ዜሮም መረጃ ነው። በራምሳር መለኪያ አንድ ቦታ ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ አለው የሚባለው 20 ሺ የውሃ ወፍ አዘውትሮ ሲገኝበት ወይም ደሞ የአንድ ዝርያ ህዝብ አንድ በመቶ ሲገኝበት ነው። ሁለተኛዋን ልብ በል፣ የዝርያው ህዝብ ትንሽ ከሆነ ሀምሳ ወፍም ሊበቃ ይችላል። ስለዚ "ስንት" ብቻ ሳይሆን "ምን" የሚለውን ሳታውቅ ስብሰባ ላይ ቁጥር እንዳትናገር።

የትልቅ ቁጥር ወጥመድም አለ። አንዳንዴ አንድ ቦታ ላይ ወፍ በድንገት ሲበዛ ሰው ይደሰታል፣ ሌላው ቦታ ደርቆ ተጨናንቀው የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። የሳይቤሪያ ክሬን የሚባለው ረጅሙ ነጭ ወፍ በምዕራብ በኩል ያሉት መስመሮቹ ሁሉ ተመናምነው አሁን ከሞላ ጎደል ሁሉም ቻይና ውስጥ ፖያንግ ሐይቅ አካባቢ ነው የሚከርመው። እዛ ቆሞ ለሚያይ ሰው በሺዎች ናቸው፣ ያምራሉ። ለኔ ግን አንድ ሐይቅ ላይ የተንጠለጠለ ዝርያ ነው፣ የዛ ሐይቅ ውሃ ከፍታ አንድ ዓመት ቢዛባ ምን እንደሚሆን ሳስብ እንቅልፍ ያሳጣኛል።


ሰሌን፦

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር ግን የእግር መንገዱን ማንም አላነሳውም። ሙሉ ዙር አይሁን! እባካችሁ! ወፍ ሰው ሲቀርበው ይነሳል፣ በተነሳ ቁጥር ያጠራቀመውን ስብ ያቃጥላል፣ የመብያ ሰዓቱንም ያጣል፣ ውሻ ያለ ገመድ ከገባ ደሞ መንጋው በሙሉ ነው የሚነሳው። መንገዱ በአንድ ወገን ብቻ ይሁን፣ ጸሀይ ከጀርባ በሚሆንበት በኩል፣ መጨረሻው ላይ ከእንጨት ወይ ከቄጠማ የተሰራ ቀዳዳ ያለው መከለያ አድርጉ፣ ሰው ተደብቆ ያያል፣ ወፉም ይበላል። ልጆች በቅርብ ሲያዩት ነው የሚወዱት፣ ከሩቅ ብር ብሎ ሲሄድ አይደለም።

ደሞ አጠገቡ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ መስመር ካለ እዩት፣ ትላልቆቹ ወፎች ጎህና ምሽት ላይ ሽቦው አይታያቸውም ይጋጫሉ፣ ሽቦው ላይ የሚንጠለጠል ምልክት አለ ብዙ ይቀንሳል። አደን ካለ ደሞ የእርሳስ ጥይት ጉዳይ አለ፣ ጥቃቅኑ ፍንጣሪ ጭቃው ላይ ይቀራል፣ ዳክዬ ምግብ ለመፍጨት ጠጠር ስለሚውጥ ጠጠር መስሎት ይውጠዋል፣ ተመርዞ ይሞታል። አሜሪካ የውሃ ወፍ አደን ላይ በ1991 ከልክላዋለች፣ የአውሮፓ ህብረት ረግረግ ላይ ከ2023 ጀምሮ። እንደውም ዛሬ ቢቆምም የድሮው ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል።


ጭቃ ዳር፦

ተመልሻለሁ፣ ስብሰባው ትናንት ነበር።

ሳር የሚያጭዱትን ሁለት ሰዎች ይዤ ነው የሄድኩት። አንደኛዋ ሴትዮ ከኔ በላይ ታውቃለች፣ የትኛው ጥግ መጀመሪያ እንደሚደርቅ፣ ወፎቹ መጀመሪያ የት እንደሚያርፉ፣ ውሃው ሲወርድ እንዴት እየተከተሉት እንደሚሄዱ ሁሉን ተናገረች፣ ውሃ ልክ በዝግታ ስለሚወርድ ውሃ ያልከውን በራሷ አነጋገር እሷ ነች የነገረቻቸው። እኔ ስለ ሬድ ኖቱ ሁለት ሳምንት ነገርኳቸው፣ ስለ ሩዝ ገበሬዎቹም። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሰምተው "እንግዳው በየትኛው ሳምንት ነው የሚመጣው በትክክል?" ብለው ጠየቁ። ማንም በትክክል አላወቀውም።

ስለዚ የተወሰነው፣ ኤክስካቫተሩ ሁለቱም የማለፊያ ወቅት ተቆጥሮ እስኪያልቅ አይገባም። ዛፉ ወደ ላይኛው ተዳፋት ተዛወረ፣ እዚህ ላይ ክርክር ነበር ግን ደለሉን ሲሰሙ ተስማሙ። መንገዱ በምስራቅ በኩል ብቻ ይሆናል፣ የጠዋት ጸሀይ ከጀርባ ስለሚሆን። የውሃ መዝጊያ በሩ ገና ነው፣ ገንዘቡ ላይ አልተስማማንም፣ ውሃ ልክ ስለሱ በግል እጽፍልሃለሁ። የኤሌክትሪክ መስመሩን ሄጄ አየሁት፣ በስተሰሜን ልክ በሚገቡበት በኩል ያልፋል፣ ከስሩ የአንድ ትልቅ ወፍ ላባ አገኘሁ፣ የምን እንደሆነ አላወቅኩም፣ ፎቶውን ለጥፌዋለሁ የሚያውቅ ይንገረኝ።

ቆጠራው ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይጀመራል፣ ያቺ ሴትዮ፣ እኔና ሁለት ተማሪዎች ነን፣ ባይናኩላር አንድ ነው ያለን እንቀባበላለን። ሽማግሌው ደብተሩን እኔ እይዛለሁ ብለዋል።